የተቈፈረ ምድር ዕዳ

ሰው ከምድር ሆድ ወርቅና መዳብ፥ ከሰልና ኖራ ማውጣት የጀመረበት ዘመን እጅግ ሩቅ ነው። የቈፈረውን ምድር መልሶ ማልበስ ግዴታው መሆኑን የተረዳበት ዘመን ግን የትናንት ያህል ቅርብ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ዘመናት መካከል የተከማቸው ዕዳ በየአገሩ ይታያል፤ ተራራው ተቈርሶ፥ ሜዳው ተቦርቡሮ፥ ሣር እንኳ የማይበቅልበት ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል። «የሞተ መሬት ከእንግዲህ ምን ይደረጋል?» የሚለው ቃልም ለቸልተኞች ሁሉ መሸሸጊያ ሆኖ ኖረ። ይህ ቃል እውነት አለመሆኑን የሚመሰክር አንድ ታሪክ በጎረቤታችን በኬንያ ተፈጽሟልና፥ እነሆ በአጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ከሞምባሳ ከተማ በስተሰሜን፥ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር፥ ባምቡሪ የሚባል ስፍራ አለ። የስፍራው ድንጋይ በጥንት ዘመን ኮራል የሚባሉት ደቃቅ የባሕር እንስሶች ዐፅም እየተደራረበ የሠራው የኖራ ድንጋይ ነው። ለሲሚንቶ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ስለሆነ፥ በዚያ የተቋቋመው ፋብሪካ በ1954 ዓ. ም. ሥራውን ጀመረ። ድንጋዩ በድማሚት እየተናደ ወደ ምድጃው ገባ፤ ለቤትና ለድልድይ መሥሪያ የሚሆን ሲሚንቶም ተገኘ። ይህ ጥቅም ከቶ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ድንጋዩ ከወጣ በኋላ የቀረው ካባ ዐፈር የሌለው፥ ከፀሓይ ግለት የተነሣ እንደ ምጣድ የሚፋጅ፥ ከሥሩም ጨዋማ ውሃ ያለበት ራቁት ወለል ነበር።

ሬኔ ሃለር የተባለ የስዊስ አገር ተወላጅ የእርሻ ባለሙያ ከ1959 ዓ. ም. ጀምሮ በዚሁ ፋብሪካ ያገለግል ነበር። ቁፋሮው ከተጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ1970ና በ1971 ዓ. ም. ገደማ፥ ካባውን በእንጨት ለማልበስ ተነሣ። ምን እንደሚጸድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፥ 26 ዓይነት ዛፎች ለሙከራ በዚያው በወለሉ ላይ ተተከሉ። ከእነዚህም ውስጥ በሕይወት የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የኮኮናት ዘንባባ፥ በሱማሌ ምድር የሚበቅለው ኮኖካርፐስ፥ እንዲሁም ካዙዋሪና ናቸው። ካዙዋሪና ማለት እኛ ሸውሸዌ የምንለው፥ ነፋስ ሲነካው የሚያፏጨው ዛፍ ነው።

ሸውሸዌ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨውና ድርቀት ይችላል፤ ከዚህም በላይ በሥሩ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ደቂቃን ፍጥረታት ናይትሮጂን የተባለውን ምግብ ከአየር ወስደው ያቀርቡለታል። ስለዚህ ዐፈር የነፈገውን ከአየር ያገኛል።

ይሁን እንጂ ዛፉ ስላደገ ብቻ ችግሩ አላለቀም። መርፌ መሳዩ ቅጠል ታኒን የሚባለው ነገር ስለሚበዛበት ወድቆ ይከማች ነበር እንጂ አይበሰብስም፤ ቅጠሉ ካልበሰበሰ ደግሞ ዐፈር አይሠራም። ሃለር ግን እግሩ ቀይ የሆነው ትልቁ ሺ እግር ያንን ደረቅ ቅጠል ሲበላ አስተዋለ። እንደዚህ ያሉት ሺ እግሮች በብዛት ተሰብስበው በዛፎቹ ሥር ተለቀቁ። እነርሱም ቅጠሉን እየፈጩ ኩሳቸውን ሲጥሉ፥ ኩሱ ወደ ብስባሽ ተለወጠ፤ በድንጋዩም ላይ ስስ ጥቁር ዐፈር መታየት ጀመረ። ድማሚት በአንድ ቅጽበት ያጠፋውን፥ ሰዎች የሚጸየፉት ተሳቢ ፍጥረት በዓመታት ትዕግሥት መልሶ አቆመው።

ዐፈሩ ከተገኘ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ሣርና ልዩ ልዩ ዛፍ በቀለ፤ ወፎች መጡ፤ በኩሬዎቹ ቆሮሶ ረባ፤ ሳላ፥ ጉማሬና ቀጭኔም እየመጡ ኖሩበት። ስፍራው በ1984 ዓ. ም. ለሕዝብ ተከፈተ። በ1987 ዓ. ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት «ግሎባል 500» የተባለውን ሽልማት ለሃለር ሰጠ፤ ስፍራውም ኋላ በስሙ ሃለር ፓርክ ተባለ።

በዚህ ግን ሳንጠነቀቅ መደሰት አይገባንም። በባምቡሪ የበቀለው ደን ቀድሞ የነበረው ደን አይደለም፤ በሰው እጅ የተሠራ ሌላ ደን ነው። የጠፋ ነገር እንደ ነበረ አይመለስም። ደግሞም ከ15 ዓመት በኋላ በብዙ ድካም የተጀመረው ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ቢታሰብበት ኖሮ ይቀል ነበር። ይህን የተረዱት አሜሪካውያን ነሐሴ 3 ቀን 1977 ዓ. ም. በወጣው ሕጋቸው፥ ከሰል ከምድር ላይ የሚቈፍር ሁሉ የላይኛውን ዐፈር ለብቻው አንሥቶ እንዲያኖር፥ ቁፋሮውን ሲጨርስ መልሶ እንዲያለብስና እንዲተክል፥ ለዚህም አስቀድሞ በገንዘብ ዋስትና እንዲሰጥ አዘዙ።

ለእኛም ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተሞቻችን በተስፋፉ ቍጥር የድንጋይና የአሸዋ ካባዎች በዙሪያቸው ይበዛሉ። ድንጋዩ ያልቃል፤ መኪናዎቹ ወደ ሌላ ኮረብታ ይሄዳሉ፤ ጕድጓዱ ግን ክረምት በመጣ ጊዜ ውሃ እያቈረ ለሕፃናትና ለከብት አደጋ ሆኖ ይቀራል። ፈቃድ የሚሰጠው ሹም፥ ሥራውን የሚቈጣጠረው ባለሙያ፥ ተማሪዎቹን ለችግኝ ተከላ የሚያወጣው መምህር፥ እያንዳንዱ በዚህ ዕዳ ድርሻ አለበት። ሹሙ ከፊርማው በፊት «ዐፈሩ የት ይቀመጣል? ማንስ ይተክላል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የልጅ ልጆቻችን የሚወርሱት ገደል ሳይሆን ጥላ ይሆናል። «የሞተ መሬት ምን ይደረጋል?» ለሚል ሰው ግን የባምቡሪ ሺ እግር መልሱን ሰጥቶታል።