የማይታየውን አየር ማሰር፦ የግላይደር መለኪያ ቱቦዎችና የፋሸታ ታሪክ



የበረራ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ክንፍና ስለ ሞተር ብዙ ይባላል፤ ስለ ቱቦ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ ከጣት ስለሚቀጥን የጎማ ቱቦና ጫፉን አንቆ ስለሚይዘው፣ የጋራዥ ባለሙያዎቻችን «ፋሸታ» ስለሚሉት ማሰሪያ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመንን የአውሮፕላን ሥራ ስላጠበበው፣ ብዙ በራሪዎች ፊታቸውን ግላይደር ወደሚባለው ሞተር አልባ አውሮፕላን መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1920 በቫሰርኩፐ ተራራ ላይ የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። በ1928 ሮበርት ክሮንፌልድ የአሌክሳንደር ሊፒሽን ሐሳብ ተቀብሎ ቫርዮሜትር ይዞ በረረ፤ በተከታዩም ዓመት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። በቴርሞስ ውስጥ አየር ይያዛል፤ ግላይደሩ ሲወጣ አየሩ ከቴርሞሱ ይወጣል፣ ሲወርድ ይገባል፤ የሚለካውም ይህ ፍሰት ነው። በመካከሉ ያለው ቱቦ ካፈሰሰ፣ አየሩ በመለኪያው ሳያልፍ ያመልጣልና ጠቋሚው ከእውነቱ ያነሰ ይናገራል።

የፍጥነት መለኪያው ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። በባሕር ወለል ከፍታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ግላይደር በፒቶ ቱቦው የሚቀበለው ግፊት 48 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ካለው ውሃ ክብደት አይበልጥም። ፍሳሹ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ቢወስድ፣ መለኪያው 95 ያህል ያሳያል። አብራሪው ዝግ ብያለሁ ብሎ ሲያፈጥን፣ ክንፉ ሊሸከመው ከሚችለው ወሰን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

ቱቦ ሲያረጅ ይደርቃል፤ መጋጠሚያውንም ይለቃል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በእጅ ከተገኘው ነገር ይሠራል። ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ቢጠመዘዝ ይይዛል፤ ሲበዛ ግን ጎማውን ይቆርጣል። በ1958 ለአውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የተፈለሰፈው የፕላስቲክ ማሰሪያም እዚህ ገባ፤ ሆኖም በቀጭን ቱቦ ላይ ከራሱ ሥር ክፍተት ይተዋል። ከሁሉ የሚረቀው ጥቂት ሰፋ ካለ ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ ተስቦ ሲገባ ዙሪያውን በእኩል ይጨምቃል። ቱቦን በቱቦ ማሰር ማለት ነው።

ነገር ግን ብልሃት በፈተና ይመዘናል። ሲሪንጅ ቀስ ብሎ ተገፍቶ፣ በጠራ ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ ከፍ ይደረጋል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ውሃው ባለበት ከቆየ ማሰሪያው ታማኝ ነው፣ ከወረደ ሥራው አላለቀም። በአፍ በኃይል መንፋት ግን መለኪያውን ራሱን ይሰብራል። ጊዜያዊው ጥገናም በመዝገብ ካልሰፈረና ባለሥልጣን ባለው መርማሪ ካልታየ፣ ነገ ለሚበረው ሌላ ሰው የተሸሸገ አደጋ ይሆናል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። የሰው ሕይወት በሰማይ ላይ የሚንጠለጠለው በሰፊው ክንፍ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ጥንቁቅ እጅ በቆረጠው ትንሽ የጎማ ቀለበትም ጭምር ነው።