ኦሞት የማን ልጅ ነው?

ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጫለሁ። (ካሁኑ ልናዘዝ፤ ኳስ አልወድም። የገባሁት ጩኸቱ ከመንገድ ጠርቶኝ ነው።) በስክሪኑ ላይ ደቡብ ሱዳን በፓሪስ ኦሎምፒክ ቅርጫት ኳስ ከአሜሪካ ጋር ትጫወታለች። አንድ ረጅም ልጅ ኳሷን ከሩቅ ወርውሮ ባስቆጠረ ቁጥር ቤቱ ይናወጣል። ማሊያው ላይ «ኦሞት» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ዘወር ብሎ፣

«እህቴ፣ ይሄኮ የኛ ልጅ ነው» አለኝ።

«የኛ የማን?» አልኩት። ሳቀና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ጨዋታው 103 ለ 86 በአሜሪካ አሸናፊነት አለቀ። ኦሞት ብቻውን 24 ነጥብ አስቆጠረ። እኔ ግን ጥያቄዬን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው።

ኒውላንድን ለማታውቁ፣ በጋምቤላ ከተማ አብዛኛው ነዋሪዋ ኑዌር የሆነ ሰፈር ናት። ኦሞት ደግሞ የአኝዋ ስም ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. በሁለቱ መካከል በተነሳው ግጭት ደም ፈሷል፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲሁ። እንግዲህ በኒውላንድ ለኦሞት መጮህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጋምቤላን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ እንሂድ። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። ውሉ በወቅቱ በእንግሊዝ ሥር ከነበረችው ሱዳን ጋር ያለውን ወሰን ለየ፤ በዚያው ለእንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀደ። ጋምቤላ እንዲህ ወደብ ሆነች። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም እየመጡ የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ያከተመለት ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ነው። መስመሩ ግን ቀረ። አኝዋም ኑዌርም ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ሆኑ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ኑኒ ኦሞት የተወለደው በመስከረም 1987 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ነው፤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ሸሽተው የወጡ ስደተኞች ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሚኒሶታ ሰፈረ። ሚኒሶታ ከጋምቤላ የወጡ አኝዋዎች በብዛት የሚኖሩባት ናት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በአኝዋዎች ላይ ግድያ ሲፈጸም፣ በዚያች በረዷማ ግዛት ስንት ቤት ለቅሶ ተቀመጠ! ኦሞት ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

አሁን ስለ ሥራው እናውራ። እኛ «ፕሮፌሽናል» ስንል ወዲያው ኤንቢኤ ይመጣብናል፤ ሚሊዮን ዶላርና ውድ መኪና። የኦሞት መንገድ እንደዚያ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልተሻሙበትም። በሴንት ፖል ከሚገኘው ኮንኮርዲያ ጀመረ፤ ከዚያ አዮዋ ያለው የኢንዲያን ሂልስ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቴክሳስ የሚገኘው ባይለር ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው። በ2010 ዓ.ም. ሲጨርስ በኤንቢኤ ምልመላ ስሙ አልተጠራም።

እንዲህ ያለ ተጫዋች ምን ያደርጋል? ሻንጣውን ያዘጋጃል። ከኤንቢኤ ውጭ ያለው የቅርጫት ኳስ ዓለም እንደ ቀን ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ውሉ ብዙ ጊዜ የአንድ የውድድር ዘመን ነው፣ አንዳንዴም የጥቂት ወራት። ዘንድሮ አንድ አገር፣ ከርሞ ሌላ። ጉዳት ደረሰብህ? ቦታህን የሚጠብቅ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ክለቦች ሊያሰልፉት የሚችሉት የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተገደበ በመሆኑ የያዝከው ፓስፖርት እንደ ችሎታህ ይቆጠራል።

ኦሞት ስሙን የተከለው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለግብፁ አል አህሊ ተሰልፎ በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫወተ። ግንቦት 19 ቀን ኪጋሊ ላይ አል አህሊ የሴኔጋሉን ዱዋንን 80 ለ 65 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ኦሞት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ከደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን ጋር የዓለም ዋንጫ ላይ ተሰለፈ። ቡድኑ ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን አሸንፎ ነሐሴ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ትኬቱን ቆረጠ።

ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር የሆነችው በ2003 ዓ.ም. ነው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የተቀበላት በ2006 ዓ.ም.። የቀድሞው የኤንቢኤ ኮከብ ሉዎል ዴንግ ፌዴሬሽኑን ከያዘ በኋላ በየአገሩ የተበተኑ የስደተኛ ልጆችን አንድ በአንድ እየፈለገ ሰበሰበ። ይህ ቡድን ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን ሊጥል ጥቂት ሴኮንዶች ቀርተውት፣ ሌብሮን ጄምስ ባስቆጠራት ኳስ 101 ለ 100 ተሸነፈ።

እኛስ? ይህን ስጽፍ የገረመኝ፣ ኢትዮጵያ ለጨዋታው እንግዳ አለመሆኗ ነው። የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በ1954 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ሲጀመር ከተሳተፉት አምስት አገሮች አንዷ እኛ ነበርን። ደቡብ ሱዳን የምትባል አገር ያኔ አልነበረችም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ለምን ለእናት አገሩ አልተጫወተም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። መጀመሪያ ነገር፣ ማን ጠራው? ሁለተኛ፣ እኛ አዲስ አበባዎች ረጅም ጥቁር ልጅ ታክሲ ውስጥ ስናይ «ከየት አገር ነህ?» የምንል ሰዎች ነን። ልጁ «ከጋምቤላ» ሲለን ደግሞ «አማርኛህ ጥሩ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን! (እኔም ብያለሁ።) በገዛ አገሩ እንግዳ ያደረግነው ሰው ልጅ በሌላ ማሊያ ሲያበራ «የኛ» ለማለት ግን አንዘገይም።

የኒውላንዱ ወጣት ግን ሊለው ይችላል። እሱ «የኛ» ሲል ድንበሩንም፣ ፓስፖርቱንም፣ የ2008ቱን ጥርም ለአንድ ምሽት ተሻግሯል። ከጨዋታው በኋላ ስንወጣ፣

«ኦሞት ቤተሰቦቹ ባይሰደዱ ኖሮ ለኢትዮጵያ ይጫወት ነበር፣ አይደል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ትንሽ አሰበና በጨለማው ውስጥ እጁን ወደ ሰፈሩ ዘረጋ።

«እህቴ፣ እዚህ የት ሜዳ ላይ ይለማመድ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ንገሩኝ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።