ያለ ነጥብ ከመቶ ማስላት፦ ማአምና ትንሿ ቺፕ

ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩ ልጆቻችን አርዱዪኖ በሚባለው ሰሌዳ የሱቅ ሂሳብ ማሽን ልሥራ ሲሉ ቶሎ የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ። እሱም ከመቶ ማስላት ነው። የአርዱዪኖ ኡኖ ቺፕ ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚያሰላ ክፍል በውስጡ የለውም። በፕሮግራም ማስመሰል ይቻላል፣ ግን ይዘገያል፤ ያችኑ ጥቂት ማስታወሻም ያጣብባል። ለገንዘብ ደግሞ ነጥብ አያስፈልግም፣ ሁሉንም በአጎሮት መቁጠር ይበቃል።

በኢየሩሳሌም ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ፣ ማለትም ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በሚታጠፈው ጥግ አንድ ሱቅ አለ እንበል። የዕቃው ዋጋ ከማአም በፊት 24 ሼቅል ከ90፣ ማለትም 2490 አጎሮት ነው። ማአም ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 18 ከመቶ ነው፤ ከዚያ በፊት 17 ነበር።

ጀማሪ መጀመሪያ 18ን ለ100 ያካፍላል። በሙሉ ቁጥር መልሱ 0 ስለሆነ ማአሙም 0 ይሆናል። ስለዚህ ቀድሞ ማባዛት፣ ኋላ ማካፈል ነው። ነገር ግን 2490 × 18 = 44820 ሲሆን፣ ኡኖ ላይ ተራው የቁጥር ዓይነት የሚይዘው እስከ 32767 ብቻ ነው። ሞልቶ ሲፈስ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ -20716 ሆኖ ይወጣል። ለ100 ሲካፈል -207 ነው፤ ባለሱቁ ለመንግሥት ከመክፈል ይልቅ 2 ሼቅል ከ7 አጎሮት ሊቀበል ነው ማለት ነው! ችግሩ ከ18 ሼቅል ከ20 በማይበልጥ ዕቃ ላይ ፈጽሞ አይታይም። በርካሽ ዕቃ ሞክሮ "ሠራ" የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ሎንግ የሚባለውን ሰፊ ዓይነት መጠቀም ነው።

ማካፈል ትርፉን ቆርጦ ስለሚጥል፣ ከማካፈል በፊት የአካፋዩን ግማሽ እንጨምራለን። 44820 + 50 = 44870፣ ለ100 ሲካፈል 448። ጠቅላላው 29 ሼቅል ከ38 ይሆናል። የአምስት አጎሮት ሳንቲም ከ2008 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ስለቀረ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው 29 ከ40 ይከፍላል፤ በካርድ ግን 29 ከ38 ነው። ማጠጋጋቱ በድምሩ ላይ እንጂ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አይደለም።

ማአሙም እንዲሁ ነው። 103 አጎሮት የሚያወጡ አሥር ዕቃዎችን ለየብቻ ብናሰላ 190 አጎሮት፣ በድምሩ ላይ ብናሰላ 185 ይመጣል። ደረሰኙ በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ማአም ካለበት ዋጋ ላይ ማአሙን ለይቶ ማውጣት ሲፈለግ ደግሞ አካፋዩ 100 ሳይሆን 118 ነው። 2938 × 18 ሲደመር 59፣ ለ118 ሲካፈል ያው 448 ይመለሳል። በ100 የሚያካፍል ሰው 529 አግኝቶ 81 አጎሮት ያለ ዕዳው ይከፍላል። ይህ ስሕተት ቺፕ ሳይኖርም በእርሳስ ይሠራል።

እግረ መንገዳችንን፣ በሙሉ ቁጥር ብቻ መሥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ ሲያወጡ 7518ን ለ19 አካፍለው፣ 395ቱን ትተው የሚይዙት ቀሪውን 13 ነው። ቺፑም ቀሪውን ለብቻው መስጠት ይችላል። 2938ን ለ100 አካፍሎ 29ኙን ሼቅል፣ ቀሪውን 38 አጎሮት ብሎ በስክሪኑ ላይ የሚጽፈው በዚሁ መንገድ ነው። ቀሪው ከ10 ሲያንስ ፊቱ ዜሮ መጨመር አይረሳ፤ አለዚያ 29 ከ05 የነበረው 29 ከ5 ተብሎ ይነበባል።