ድምፁ ሞቶ ፊደሉ ሲቀር



እንግሊዝኛ በታሪኩ የብዙ ቃላቱን መነሻ ድምፅ ጥሏል። ዛሬ ጌታን የሚያመለክተው «ሎርድ» ከጥንታዊው «ህላፍዌርድ» የወረደ ሲሆን፣ ፍቺውም «ዳቦ ጠባቂ» ነበር። የፊተኛው «ህ» በመካከለኛው ዘመን ከአፍ ሲጠፋ ጸሐፍት እንደሰሙት ጻፉ፤ ፊደሉም አብሮ ወደቀ።

ቢላዋን የሚያመለክተው «ናይፍ» ግን ዕጣው ሌላ ነው። መነሻው «ክ» ከአነጋገር የጠፋው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ ካስገባ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ። ኅትመት አጻጻፉን አስቀድሞ ስላጸናው፣ ድምፁ ቢሞትም ፊደሉ እስከ ዛሬ ይጻፋል።

ስለዚህ የማይነበበውን ፊደል ስሕተት አልለውም፤ ምስክር እለዋለሁ። በእኛም ዘንድ የግእዙ «ሐመድ» በአማርኛ «አመድ» ሲሆን የመነሻው ድምፅ ጠፍቷል፤ ይህንም የምናውቀው ግእዙ በጽሑፍ ስለቆየልን ነው። እንግዲህ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ ብለን ስንከራከር፣ ለተማሪው የሚቀልለትን ሸክም ብቻ ሳይሆን፣ ለታሪክ ተመራማሪው የሚጠፋበትንም ማስረጃ አብረን እንመዝን።