ስኳርን መቀነስ በዕለታዊ አመጋገብ (ወልድያ፣ መርሳ፣ ሀብሩ)

የተጨመረ ስኳርን በመቀነስ የጥርስ መቦርቦርን፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትንና ዓይነት 2 የስኳር በሽታን የመከላከል ልማድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ፣ ከስኳር የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ 10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች (25 ግራም ገደማ) እንዲሆን ይመክራል።

በወልድያ ሻይ ቤት ሦስት ማንኪያ ስኳር የተማሰለበት አንድ ብርጭቆ ሻይ 12 ግራም ያህል ይይዛል፤ ሁለተኛው ሲደገም 25ቱ ግራም አለቀ ማለት ይቻላል። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። ማንኪያውን ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል፤ ምላስ ይለምዳል።

የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ በፍራፍሬዋ ትታወቃለች። ማንጎው እንዳለ ሲበላ አሰሩ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ጁስ ቤት ተፈጭቶ ስኳር ሲጨመርበት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ ተገቢ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አመጋገቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።