የበቅሎዎቹ መንገድ

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን ያሳደገ አንድ የድሮ ጓደኛ አለኝ። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ቀስቅሶ «ተነስ፤ ዛሬ መኪና የሌለበት መንገድ አሳይሃለሁ» አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሞተር በሚነሳበት አገር፣ ያውም ከታክሲ ነጂ አፍ፣ መኪና የሌለበት መንገድ!

ጆርጅታውን ወረድን። ከሱቆቹና ከቡና ቤቶቹ ጀርባ አንድ ያረጀ የጀልባ ቦይ አለ። ከቦዩ ጎን ሁለት ሰው አጠገብ ላጠገብ የሚያስኬድ የአፈር መንገድ ተዘርግቷል። ብስክሌት ተከራይተን ገባንበት። ጥቂት እንደሄድን የከተማው ጩኸት ከኋላችን ቀረ። በግራችን የፖቶማክ ወንዝ፣ በቀኛችን ቦዩ፣ በላያችን የዛፍ ጥላ። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ይሄ መንገድ የት ድረስ ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ፒትስበርግ ድረስ።»

«ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?»

«ከአምስት መቶ ሠላሳ ይበልጣል።»

«ሄደህበታል?»

«እኔ? ታክሲውን ማን ይነዳልኛል?»

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያህል መንገድ፣ ከከተማ አቋርጦ ማለፊያዎች በቀር መኪና ሳያዩ! ማን ሠራው? ለብስክሌት ተብሎ ነው እንዴ? ቤት ስመለስ ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ጁላይ 4 ቀን 1828፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የቦዩን ቁፋሮ ሊያስጀምሩ አካፋ ያዙ። ቢሰነዝሩ የዛፍ ሥር አገኙ። ደግመው ቢሞክሩ አልበገር አለ። በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው መሬቱን ሲያሸንፉት ሕዝቡ በጩኸት ደገፋቸው። ያ ሥር ምልኪ ነበር የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ምክንያቱም በዚያው ቀን፣ ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ የነፃነት አዋጁን ከፈረሙት ሰዎች በሕይወት የቀሩት የዘጠና ዓመቱ አዛውንት ቻርልስ ካሮል የሌላ ሥራ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጡ ነበር፤ የባቡር ሐዲድ። ቦዩም ባቡሩም ሊደርሱ ያሰቡት አንድ ቦታ ነው፤ ከተራሮቹ ወዲያ ያለው የኦሃዮ ወንዝ።

ቦዩ ተራራ የሚወጣው እንዴት ነው? በደረጃ። ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይገባል፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቅበታል፣ ጀልባው ከውሃው ጋር ይነሳና የፊተኛው በር ይከፈትለታል። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ባለው 297 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲህ ያሉ ደረጃዎች 74 ናቸው፤ ጀልባውን በጠቅላላው 184 ሜትር ያህል ያነሱታል። ቆፋሪዎቹ በብዛት ድሆች የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ። በ1832 ኮሌራ ገብቶ ፈጃቸው። ፖው ፖው የሚባለው ቦታ ላይ ተራራ መብሳት ግድ ሆነ። 950 ሜትር የሚረዝመው ዋሻ በ1836 ተጀመረ፤ ገንዘብ ሲያልቅ ሲቆም፣ ሲገኝ ሲቀጥል፣ ለጀልባ የተከፈተው በ1850 ነው።

ቦዩ በዚያ ዓመት ከምበርላንድ ደረሰ። ባቡሩ ግን ስምንት ዓመት ቀድሞት እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ገንዘቡም ተስፋውም አለቀና ቦዩ ከዚያ አንድ እርምጃ አልተራመደም። ፒትስበርግ ሕልም ሆኖ ቀረ።

ያም ሆኖ ሥራ አልፈታም። የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በቅሎዎች በገመድ እየጎተቱ በእግረኛ ፍጥነት ወደ ጆርጅታውን ያወርዱ ነበር። ቤተሰብ ጀልባው ላይ ይኖራል፤ ልጆች በቅሎ ይመራሉ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት የአፈር መንገድ እነዚያ በቅሎዎች የረገጡት ነው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ይሄን መንገድ አባቱን ብትጠይቁት ግን ሳያፍር «በቅሎ ነው» ይላችኋል።

በ1889 ትልቅ ጎርፍ መጣና ቦዩ ከሰረ። በባቡር ኩባንያው፣ በዚያው በጥንት ባላንጣው እጅ ገባ። በ1924 ሌላ ጎርፍ ጨረሰው። መንግሥት በ1938 በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶችም በሥራ ፈጠራ ካምፕ ታቅፈው ወደ ዋሽንግተን የቀረበውን ክፍል ጠገኑት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጠላት መኪና ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቦዩ ላይ የመኪና መዝናኛ መንገድ ይዘርጋ የሚል ዕቅድ ቀረበ። ዕቅዱን ክፉ ሰዎች አላወጡትም። ሕዝቡ ሸለቆውን በመኪና ሆኖ ይየው ነው ያሉት። ዋሽንግተን ፖስትም በጃንዋሪ 1954 በርእሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ይህን አነበቡ። መልስ ጻፉ። በመልሳቸው አልተሳደቡም፤ የርእሰ አንቀጹን ጸሐፊዎች አብረዋቸው ቦዩን ከዳር እስከ ዳር በእግር እንዲሄዱ ጋበዟቸው።

ይሄን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ አገር አንድ ባለሥልጣን በጋዜጣ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ይሆናል። ጋዜጠኞቹም ግብዣውን ተቀበሉ። ማርች 20 ቀን ከከምበርላንድ ብዙ ሰው ሆነው ተነሱ። እግር አበጠ፣ ጫማ ላጠ፣ ሰው እየተንጠባጠበ ቀረ። ከስምንት ቀን በኋላ ዋሽንግተን ሲገቡ ሙሉውን በእግራቸው የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ጋዜጣው ግን ሐሳቡን መለወጡን ጻፈ። ሥፍራው በሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ የሆነው በ1971 ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ። የእግር ጉዞው ስምንት ቀን፣ የወረቀቱ ጉዞ አሥራ ሰባት ዓመት!

የቀረው ግማሽ ደግሞ ከባቡር የተገኘ ነው። ቦዩን ያሸነፈው ባቡር በተራው በጭነት መኪና ተሸነፈ። ከከምበርላንድ ወደ ፒትስበርግ ይሄዱ ከነበሩት ሐዲዶች አንዳንዱ ተዘጋ። በ1983 አንድ ብልህ ሕግ ወጣ፦ ኩባንያ የማይሠራበትን ሐዲድ ለእግረኛና ለብስክሌት አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ መስመሩ ሳይቆራረጥ ይቆያል፤ ነገ ባቡር ቢያስፈልግ ይመለሳል። ከተዘጉት ሐዲዶች ከየቦታው እየተለቀመ 240 ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ። ባቡር አቀበት ስለማይወድ ቀያሾቹ ተራራውን እየዞሩ፣ እየበሱ፣ ሸለቆውን በድልድይ እየተሻገሩ ነው የሄዱት። ስለዚህ ዛሬ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት የአፓላቺያን ተራሮችን በብስክሌት ያቋርጣሉ። የመጨረሻዋ ቁራጭ የተገጠመችው በ2013 ነው። ፕሬዚዳንቱ አካፋ ካነሱ በ185 ዓመቱ ቦዩ በብስክሌት ፒትስበርግ ገባ ማለት ነው።

ታዲያ ሐሳቤ ወደ ለገሃር መሄዱ አልቀረም። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 በሌላ መስመር ሲመረቅ፣ በአሮጌው ላይ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈው ነበር። አቃቂን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን፣ አዋሽን የሚያያይዝ፣ ዳገቱ አንድ ጊዜ የተለካ መስመር ነው። ነገ ሐዲዱ ይነቀልና ብስክሌት ይነዳበት እያልኩ አይደለም። እየተሸረፈ፣ እዚህ አጥር እዚያ ሱቅ እየበቀለበት ከተበጣጠሰ በኋላ ግን መልሶ የሚሰፋው የለም። የቢሮ ካርታ ላይ ቁራጭ መሬት እንጂ መስመር አይታይም። እስቲ የሚመለከታቸው ሰዎች ከለገሃር ተነስተው ቢያንስ አቃቂ ድረስ በእግራቸው ይሂዱበት። እኔም እከተላለሁ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ጓደኛዬ ሰዓቱን አየና ብስክሌቱን አቆመ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ይገባል። ከመንገዱ ዳር የተተከለችው የማይል ምልክት 3 ትላለች።

«ከምበርላንድ ድረስ 181 ተኩል ማይል ይቀረኛል» አለ፤ «ጡረታ ስወጣ።»