ከጨው ጋር የመጣ ፈውስ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አነጋገር፣ እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የታወቀ ደዌ እንደ ነበረ ይመሰክራል። የዚህ ደዌ ታሪክ ግን የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የኬሚስቶችና የመሐንዲሶችም ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው ቤርናር ኩርቷ ከባሕር አረም አመድ ለባሩድ የሚሆን ቅመም ሲያዘጋጅ ሐምራዊ ተን ተመለከተ፤ አዮዲን የተገኘው በዚህ አጋጣሚ ነው። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ አዮዲንን ለእንቅርት መድኃኒትነት አቀረበ። ሆኖም ከመጠን በላይ የወሰዱ ሕመምተኞች ስለ ተጎዱ መድኃኒቱ ተፈራ። በ1895 ጀርመናዊው ባውማን በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ አዮዲን መኖሩን አረጋገጠ። ዕጢው ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ያለ አዮዲን ሊሠራ አይችልም፤ ሲያጥረውም ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ አብዝቶ ስለሚያነቃቃው ያብጣል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰውነት ይዝላል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ጉድለቱ በፅንስ ላይ ሲደርስ ደግሞ የአእምሮን እድገት ለዘለቄታው ያሰናክላል።

በ1917 ማሪንና ኪምቦል የተባሉ አሜሪካውያን በኦሃዮ ግዛት፣ በአክረን ከተማ ለሴት ተማሪዎች አዮዲን መስጠት ጀመሩ። ከወሰዱት 2190 ልጆች ዕጢያቸው ያበጠ 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 2305 ግን 495 ነበሩ። መድኃኒቱ ከታወቀ ዘንድ የቀረው ጥያቄ፣ ለሕዝብ ሁሉ በየቀኑ እንዴት ይዳረስ የሚለው ነበር። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የሚሺጋን ግዛት በ1924 መልሱን በጨው አገኙ፤ ጨው ድኻም ሀብታምም በየዕለቱ የሚቀምሰው ነውና። ለአንድ አዋቂ የሚበቃው አዮዲን በቀን 150 ማይክሮግራም ነው፤ የ70 ዓመት ድምሩ 4 ግራም አይሞላም።

ዝናብ የተራራን አፈር አዮዲን ስለሚያጥብ፣ የአልፕስ ችግር የኢትዮጵያ ደጋም ችግር ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አዮዲን ያለበት ጨው ከቀይ ባሕር መምጣቱ ተቋረጠ፤ በአፋር፣ በአፍዴራ የሚመረተው ጨው ቦታውን ቢተካም አብዛኛው አዮዲን አልነበረበትም። በ2011 የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ደንብ ጨውን አያቀላቅልም። አዮዲኑ በእኩልነት ካልተሰራጨ፣ ከአንድ ጆንያ አንዱ ቤት ከመጠን በላይ፣ ሌላው ባዶውን ይወስዳል። እርጥበትና ሙቀት እንዳያባክኑትም ከአዮዳይድ ይልቅ ጸንቶ የሚቆየው ፖታሲየም አዮዴት ይመረጣል። ስለዚህ የአንድ ሕፃን አእምሮ ገና ሳይወለድ፣ በማቀላቀያው መሣሪያና በሚዛን ጠባቂው ጥንቃቄ እጅ ላይ ነው።